ከዳካ እስከ ቦላ፦ የባንግላዲሽ የጉዞ ማስታወሻ

ዳካ፣ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባንግላዲሽ የቋንቋ ሰማዕታቷን የምታስብበት ዕለት ዳካ በገባሁ ማግስት ስለዋለ፣ ጉዞዬን የጀመርኩት የሀገሪቱ ታሪክ ከሚጀምርበት ቦታ ሆነ። (የጉዞዬን ቀናት በእኛ አቆጣጠር፣ የሀገሪቱን ታሪክ ቀናትና ዓመታት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ከዳካ ሕክምና ኮሌጅ አጠገብ ወደሚገኘው ሸሂድ ሚናር፣ ማለትም ወደ ሰማዕታት ሐውልት፣ የሚወስደው መንገድ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወደ ሐውልቱ የሚቀርበው ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ጥቁርና ነጭ ሳሪ የለበሱ ሴቶች፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ የአበባ ጉንጉን የያዙ የማኅበራት አባላት በየተራቸው እየዘመሩ ያልፋሉ። የሐውልቱ መካከለኛ ቋሚ ወደ ፊት ጎንበስ ያለ ነው፤ ልጆቿ ከበዋት የቆሙላትን እናት ይወክላል፤ ከበስተኋላው ትልቅ ቀይ ክብ አለ። ከሁለት ቀን በፊት የየካቲት 12 ሰማዕታት በስድስት ኪሎ ታስበው ነበርና፣ በሌላ ሕዝብ ሐዘን መካከል ቆሜ እንግድነት አልተሰማኝም።

ብሪታንያ በ1947 ሕንድን ከፍላ ስትወጣ የቤንጋል ምሥራቃዊ ክፍል ለአዲሲቱ ፓኪስታን ደረሰ። የፓኪስታን ሁለት ክንፎች በሕንድ ምድር ተለያይተው 1 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቁ ነበር። ከሕዝቡ ከግማሽ የሚበልጠው በምሥራቁ ክንፍ ይኖር ነበር፤ መንግሥቱ፣ የጦር አዛዦቹና ግምጃ ቤቱ ግን በምዕራቡ ነበሩ። መሥራቹ ሞሐመድ አሊ ጂናህ በመጋቢት ወር 1948 ዳካ መጥተው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን ተናገሩ። ኡርዱ በምሥራቁ ክንፍ የጥቂቶች ቋንቋ ስለነበር፣ ውሳኔው የቤንጋሊኛ ተናጋሪውን ከመንግሥት ሥራ፣ ከፍርድ ቤትና ከትምህርት የሚያርቅ ነበር። በ1952 የካቲት 21 ቀን ተማሪዎች የስብሰባ እገዳውን ጥሰው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ባርካት፣ ራፊቅ፣ ጃባርና ሳላም የተባሉት ወጣቶች ከሞቱት መካከል ናቸው። ተማሪዎቹ በቀናት ውስጥ በአንድ ሌሊት የመጀመሪያውን መታሰቢያ ሠሩ፤ ፖሊስም ወዲያው አፈረሰው። አሁን ያለው ሐውልት በ1963 ሲመረቅ የመረቁት የባርካት እናት ነበሩ፤ በ1971 ደግሞ የፓኪስታን ጦር አፍርሶት ከነፃነት በኋላ እንደገና ተሠራ። ዩኔስኮ በ1999 ዕለቱን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰይሞታል።

እንግዲህ ይህች ሀገር ሁለት ጊዜ ነፃ የወጣች ናት፤ አንድ ጊዜ ከለንደን፣ አንድ ጊዜ ከእስላማባድ። ሁለተኛው ነፃነት የመጣው ገዢዎቹ የሃይማኖት ወንድሞች እንደነበሩ እየታወቀ ነው፤ ሕዝቡ የጠየቀው የሚናገረውን የሚሰማ መንግሥት ነበር። በዚህ ጉዞ በየደረስኩበት ልከታተለው ያሰብኩት ጉዳይም ይኸው ነው።

ዳካ፣ ቅዳሜ የካቲት 15

ሱህራዋርዲ ኡድያን የሚባለው የዛሬው መናፈሻ በፊት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። አሁን የዓመቱ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ የሚካሄደው በከፊል በእርሱ ላይ ስለሆነ፣ ከመጻሕፍት ሻጮች ድንኳኖች መካከል ገብቼ ነው የዞርኩት። ጂናህ በ1948 ስለ ኡርዱ የተናገሩት በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በኋላ የነፃይቱ ሀገር መሪ የሆኑት ሼክ ሙጂቡር ራህማን በመጋቢት 7 ቀን 1971 ይህ ትግል የነፃነት ትግል ነው ብለው እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊት ያወጁት እዚሁ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 16 ቀን የፓኪስታኑ ጄኔራል ኒያዚ ለሕንዱ ጄኔራል አውሮራ እጅ መስጠታቸውን የፈረሙትም በዚሁ ሜዳ ሲሆን፣ 93 ሺህ ያህል ሰዎች ምርኮኛ ሆነዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሜዳ እንዲህ ያለ ታሪክ የተሸከመበት ሌላ ከተማ አላውቅም።

በሁለቱ የ1971 ቀናት መካከል የሆነውን ለማየት ወደ አጋርጋውን፣ ወደ ነፃነት ጦርነት ሙዚየም ሄድኩ። በታኅሣሥ 1970 ምርጫ የሙጂብ ፓርቲ አዋሚ ሊግ ከምሥራቁ ክንፍ 162 መቀመጫዎች 160ውን አሸንፎ በመላ ፓኪስታን አብላጫውን ሲይዝ፣ ወታደራዊው ገዢ ያህያ ካን ምክር ቤቱ እንዳይሰበሰብ አደረጉ። በመጋቢት 25 ሌሊት ጦሩ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ማደሪያዎችና የፖሊስ ሰፈሮችን መታ፤ ሙጂብም ተይዘው ወደ ምዕራብ ፓኪስታን ተወሰዱ። በእርሳቸው ስም ጦርነቱን የመራው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ታጁዲን አህመድ ሲሆኑ፣ ቃለ መሐላ የተፈጸመው ከሕንድ ድንበር አጠገብ በአንድ የማንጎ አትክልት ውስጥ ነበር። አሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። ሟቹን መንግሥት ሦስት ሚሊዮን ይላል፤ ከዚያ በብዙ የሚያንስ ቁጥር የሚሰጡ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን መነጽሮችና የራስ ቅሎች ያየ ሰው ስለ ግድያው ስፋት አይጠራጠርም። ድል ሊበሠር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 14፣ ጸሐፊዎች፣ ሐኪሞችና መምህራን ከየቤታቸው ተወስደው መገደላቸው ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ፤ የሚወለደውን መንግሥት አእምሮ አስቀድሞ ማጥፋት ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ዳንሞንዲ ወደሚባለው ሰፈር አለፍን። የሙጂብ መኖሪያ የነበረውና በኋላ ሙዚየም የሆነው ቤት በነሐሴ 2024 ተቃጥሎ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ በመቆፈሪያ መኪና ተደርምሷል። ፍርስራሹ ላይ ልጆች ከሲሚንቶው ውስጥ ብረት እየመዘዙ ለሽያጭ ያከማቻሉ። ሙጂብ በዚህ ቤት ነሐሴ 15 ቀን 1975 ከአብዛኛው ቤተ ሰባቸው ጋር በጦር መኮንኖች ተገድለዋል። ከዚያ በፊት በ1974 ብርቱ ረሃብ ገብቶ ነበር፤ በ1975 መጀመሪያም ሙጂብ ሌሎችን ፓርቲዎች ዘግተው የአንድ ፓርቲ አገዛዝ መሥርተው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ጄኔራል ዚያውር ራህማን ገዝተው በ1981 ተገደሉ፤ ጄኔራል ኤርሻድ ከ1982 ጀምረው በ1990 ሕዝባዊ ዐመፅ እስኪጥላቸው ድረስ ቆዩ። ቀጥሎ የዚያውር ሚስት ካሌዳ ዚያና የሙጂብ ልጅ ሼክ ሐሲና ሥልጣኑን ተፈራረቁበት። ሐሲና ከ2009 ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ተቀመጡ፤ በሐምሌ 2024 ለነፃነት ታጋዮች ዘሮች የተመደበውን 30 በመቶ የመንግሥት ሥራ ኮታ የተቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እስከ 1 ሺህ 400 ሰው ሳይገደል እንዳልቀረ ገምቷል። ነሐሴ 5 ቀን ሐሲና ወደ ሕንድ ሸሹ፤ የኖቤል ተሸላሚው ሙሐመድ ዩኑስም ጊዜያዊውን መንግሥት ያዙ።

በቤቱ መፍረስ አዝኛለሁ። ሙጂብን ያነገሠው ትውልድ ራሱ ሙጂብን መክሰስም ሆነ ማክበር የሚችለው ቤቱ ቆሞ ሲታይ ነበር። ይሁንና ሐውልቱን፣ የገንዘብ ኖቱንና የትምህርት መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ሰው ምስል የሸፈነ መንግሥት ሲወድቅ፣ የምስሉ ባለቤትም አብሮ እንደሚወድቅ ማንም ሊያውቀው የሚገባ ነበር።

ሳቫር፣ እሑድ የካቲት 16

ከዳካ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ሳቫር ብሔራዊው የሰማዕታት መታሰቢያ ቆሟል። ሰይድ ማይኑል ሆሴን የነደፉት ሰባት ጥንድ የሲሚንቶ ግድግዳዎች እየተደራረቡ 46 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሾላሉ፤ ከፊታቸው የጅምላ መቃብሮች አሉ። በጥዋቱ ጥላ ሥር ብዙ አልቆየሁም፤ እኔን የጠራኝ በዚያው ከተማ ያለው ሌላ ባዶ ቦታ ነበር።

ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ በሚያዝያ 24 ቀን 2013 ተደርምሶ 1 ሺህ 134 ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር። በታችኛው ፎቅ ያለው ባንክና ሱቆቹ ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ፤ በላይኛው ፎቅ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ግን ደመወዝ እንዳይቀርባቸው ፈርተው፣ አለቆቻቸውም አስገድደዋቸው በማግስቱ ገቡ። ያ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከ200 የሚበልጡ የልብስ ኩባንያዎች የፋብሪካዎችን ደኅንነት ለማስመርመር አስገዳጅ ስምምነት ፈረሙ፤ ብዙ ሕንፃዎችም ታደሱ ወይም ተዘጉ። ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ የባንግላዲሽ ባለ ሀብቶች መቀሌ ድረስ መጥተው የልብስ ፋብሪካ ከፍተው ነበር። ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ይኖራል፤ የሚለያየው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ መውጣት የሚችለው ማን እንደሆነ ነው።

ማታ ከሳዳርጋት ወደብ ላንች የሚሏትን ባለ ብዙ ፎቅ የወንዝ መርከብ ተሳፍረን ወደ ደቡብ ወረድን። ጓደኛዬ፣ በዱባይ ከእኔ ጋር ለዓመታት የሠራው የቦላ ልጅ፣ ክፍል እንድይዝ ቢለምነኝም የታችኛውን ወለል መረጥኩ፤ ሰዉ ሁሉ ምንጣፉን አንጥፎ፣ ሩዝና ዓሣውን ፈትቶ፣ ልጆቹን መሐል አስተኝቶ ይጓዛል። ቻንድፑር አጠገብ ፓድማ ከሜግና የሚገናኝበት ቦታ ስንደርስ ሌሊቱ ገፍቶ ነበር። ጋንጀስና ብራህማፑትራ ከሂማላያ ያወረዱት ደለል ሁሉ ወደ ባሕር የሚያልፈው በዚህ ነው፤ የሀገሪቱ አብዛኛው መሬትም ከዚያ ደለል የተሠራ ነው።

ቦላ፣ ሰኞ የካቲት 17

ቦላ በሜግና አፍ ላይ ያለች፣ የሀገሪቱ ትልቋ ደሴት ናት። በአንድ ወገን ወንዙ ዳርቻዋን እየበላ፣ በሌላው ወገን አዲስ ደለል እየቆለለ ቅርጿን ሲለዋውጥ ኖሯል። ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ስንሄድ ግማሹ የተገመሰ መንገድ፣ ሥሩ በአየር ላይ የቀረ የኮኮናት ዛፍ፣ አሸዋ የተሞላ ጥቁር ከረጢት የተደረደረበት የአፈር ግድብ አየሁ። የጓደኛዬ አያት መሬት ዛሬ ከባሕር ዳር ብዙ ራቅ ብሎ ውኃ ውስጥ ነው፤ ከዘመዶቹም ዳካ ወርደው ሚርፑር ውስጥ በቦላ ስም በሚጠራው የድሆች ሰፈር የሚኖሩ አሉ።

ወሩ የሚያልቀው ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን በሚሰበስቡበት ጊዜ ነው፤ ኢሊሽ የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች እንዲያድጉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከመጋቢት 1 ጀምሮ ለሁለት ወር በዚህ የወንዝ ክፍል ማጥመድ ይከለከላል። መንግሥት ለተመዘገቡት ሩዝ ያድላል፤ አንዳንዶቹ ግን የአበዳሪውን ዕዳ በሩዝ መክፈል አይቻልም ብለው አማረሩልኝ።

ታዙሙዲን፣ ማክሰኞ የካቲት 18

ለዚህ ቀን ስል ነው እስከዚህ የመጣሁት። በኅዳር 12 ቀን 1970 ሌሊት የመጣው አውሎ ነፋስ ከከፍተኛ የባሕር ሙላት ጋር ስለገጠመ ውኃው ዳርቻውን ሁሉ አጥለቀለቀ። የሟቹ ቁጥር ከ3 መቶ ሺህ እስከ 5 መቶ ሺህ ይገመታል፤ በታሪክ ከተመዘገቡት አውሎ ነፋሶች ሁሉ ገዳዩ ይህ ነው። ታዙሙዲን ወረዳ ብቻ ከ1 መቶ 67 ሺህ ነዋሪዋ 45 በመቶውን አጣች።

የጓደኛዬ አባት ጓደኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ ጓደኛዬ «ቻቻ» እያለ የሚጠራቸው፣ በረንዳቸው ላይ ሻይ አስቀርበው ተረኩልን። ያኔ ልጅ ነበሩ። ሬዲዮው አደጋ እንደሚመጣ መናገሩን አባታቸው ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን በቀደመው ወር ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ስላለፈ፣ ደግሞም የሚሸሹበት ከፍታና ጠንካራ ቤት ስላልነበረ፣ ከጎጆአቸው አልወጡም። ውኃው ሲገባ ልጁን ኮኮናት ዛፍ ላይ አወጧቸው። ሽማግሌው የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው የክንዳቸውን ውስጥ አሳዩኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከዛፉ ቅርፊት ጋር ሲፋተግ የተላጠው ቆዳ ዛሬም ልሙጥና ነጣ ያለ ነው። «በማግሥቱ እኔና አባቴ ቀረን። እናቴን፣ እኅቶቼን፣ ሕፃኑን ወንድሜን ውኃው ወሰዳቸው፤ ዛፍ ላይ መውጣት የሚችል ጉልበት ያለው ብቻ ነው የተረፈው» አሉኝ። በኋላ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ከዐሥር ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በዳርቻው ከሚኖረው ሕዝብ ዘጠና በመቶው አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ያውቅ እንደነበርና በጠንካራ ሕንፃ የተጠለለው ግን አንድ በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበረም ተገምቷል።

እስላማባድ ያለው መንግሥት የዘገየ እርዳታ መላኩ የምሥራቁን ሕዝብ አስቆጣ፤ ያህያ ካንም በአውሮፕላን ሆነው አደጋውን ጎብኝተው መመለሳቸው ነቀፋ አመጣባቸው። ምርጫው የተካሄደው ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ሲሆን፣ በተጎዱት ወረዳዎች ድምፅ የተሰጠው በጥር 1971 ነው። የባንግላዲሽ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመሪዎች ታሪክ ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ነፃነቱን ያለዚህ ሌሊት ላስበው አልችልም። ለሙጂብ ድምፅ የሰጠው ሰው፣ አባቱንና ልጁን ያለ መቃብር ያጣ ሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከነፃነት በኋላ የተሠራውን አየሁ። በ1972 መንግሥትና ያኔ ቀይ መስቀል ይባል የነበረው የዛሬው ቀይ ጨረቃ የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም ጀመሩ፤ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ግማሾቹ ያህል ሴቶች ናቸው። በአንድ መንደር ያገኘኋት ሴት በጎ ፈቃደኛ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ፣ የድምፅ ማጉያዋንና በእጅ የሚሽከረከር ሳይረኗን ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ። አደጋው ሲቃረብ አንድ ቀይ ባንዲራ፣ ሲብስ ሁለት፣ ሲከፋ ሦስት ይሰቀላል። እርሷ ከቤት ወደ ቤት የምትሄደው በተለይ ወንዶቻቸው ባሕር ላይ ወይም ባሕር ማዶ ያሉ ሴቶች ጋ ነው፤ ብቻዬን ከወንዶች ጋር አልጠለልም የምትለውን ሴት ማሳመን የምትችለው ሴት ናትና። መጠለያው በረጃጅም የሲሚንቶ እግሮች ላይ የቆመ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ በደጉ ቀን ልጆች ይማሩበታል፤ ከጎኑ ከብት የሚወጣበት የአፈር ኮረብታ አለ። ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ የተጨመረው በኋለኞቹ ዓመታት መሆኑን ነገረችኝ፤ ከብቴን ጥዬ አልሄድም ለሚለው ገበሬም መልሱ ያ ኮረብታ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተሠራም። በ1991 በቺታጎንግ በኩል የገባው አውሎ ነፋስ 1 መቶ 38 ሺህ ያህል ሰው ገደለ፤ አብዛኛው መጠለያ የተገነባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ወሰደ፤ በ2020 አምፋን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ መጠለያ ገብቶ፣ ሟቹ በዐሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ከ1972 ወዲህ መንግሥታት ተገለበጡ፤ ፕሬዚዳንቶች ተገደሉ፤ የሐሲናና የካሌዳ ፓርቲዎች በሁሉም ነገር ተጣሉ፤ ፕሮግራሙ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ አለፈ። የነፃነትን ፍሬ ሐውልት ሥር ስፈልገው ከርሜ፣ ያገኘሁት በዚህ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ነው።

ባሪሳል፣ ረቡዕና ሐሙስ የካቲት 19 እና 20

ረቡዕ በጀልባ ወደ ባሪሳል ተሻገርን፤ ቀኑም በመንገድ አለቀ። ሐሙስ አውቶቡሱ በፓድማ ድልድይ በኩል ወደ ዳካ መለሰን። የዓለም ባንክ በ2012 በሙስና ጥርጣሬ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድሩን ሲሰርዝ፣ መንግሥት በራሱ ገንዘብ ገንብቶ በ2022 የከፈተው ይህ 6.15 ኪሎ ሜትር ድልድይ ለብዙዎች የኩራት ምንጭ ነው። ከዚያ በፊት ሌሊቱን በላንች የሚጓዘው የደቡብ ሰው ዛሬ በጥቂት ሰዓት ዳካ ይገባል፤ የሳዳርጋት ላንቾች መንገደኛ የቀነሰባቸውም ስለዚህ ነው።

ዳካ፣ ዓርብ የካቲት 21

አርክቴክቱ ሉዊስ ካን ከነደፉት ግዙፍ የምክር ቤት ሕንፃ ፊት ባለው ጎዳና ላይ ዛሬ የሐምሌው እንቅስቃሴ ተማሪዎች የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ፤ ሰብሳቢ የሆነውም ናሂድ ኢስላም ነው። ሕንፃው ራሱ የተጀመረው በፓኪስታን ዘመን፣ ለሁለተኛ ዋና ከተማ ታስቦ ነበር፤ ሲያልቅ 1982 ሆነ፤ ሀገሩም ሌላ ሆኖ ነበር። ወጣቶቹ የ1972ቱ ሕገ መንግሥት በአዲስ እንዲተካና «ሁለተኛ ሪፐብሊክ» እንዲመሠረት ይጠይቃሉ። ይህን ስሰማ ተከፍያለሁ፤ አንድ ሰው ሁሉንም ሥልጣን እንዳይጠቀልል የሚያግድ ሕግ ያስፈልጋቸዋል፤ የ1971ን መሥዋዕትነት ግን ለወደቀው ፓርቲ ትተውት እንዳይሄዱ እሰጋለሁ።

ከሕዝቡ መሐል ከቦላ ሌሊቱን ተጉዘው የመጡ ወጣቶች ጓደኛዬን በአነጋገሩ ለይተው ከበቡት። ከአዲሱ ፓርቲ ምን ትጠብቃላችሁ ብዬ በእርሱ በኩል ጠየቅኋቸው። ደሴቲቱን ከባሪሳል የሚያገናኝ ድልድይ፣ ከደሴቲቱ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ቤታቸው ማድ ቤት እንዲገባ፣ ምሥራቁም ዳርቻ በከረጢት ምትክ በሲሚንቶ ብሎክ እንዲታጠር ነው አሉኝ፤ አንደኛው ደግሞ ብሎኩ ከክረምቱ ዝናብ በፊት መድረስ እንዳለበት ደጋግሞ አስተረጎመልኝ።